ከኦዲት ብወጣ ይህ ሁሉ ጥናት ምን ይሆናል?

የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በር ላይ አስቁማ ጠየቀችኝ። ኦዲት ድርጅት ውስጥ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የኤሲሲኤ፣ ማለትም የእንግሊዙ የተመሰከረለት ሂሳብ አዋቂነት ማረጋገጫ፣ ፈተና አራት ቀርቷታል። «ጋሼ፣ እኔ ኦዲት ላይ መቆየት አልፈልግም። ባንክ፣ ካልሆነም ኢንቨስትመንት ላይ መሥራት ነው የምፈልገው። እና ከኦዲት ከወጣሁ ይሄ ሁሉ ጥናት ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ላቁመው?»

ቸኩዬ ነበርና «ጨርሺው፤ ዕውቀት አይጎዳም» ብያት አለፍኩ። ማታ መልሴ ከነከነኝ። ዕውቀት እንደማይጎዳ እሷም ታውቃለች። የጠየቀችኝ ስለ አራት ፈተና፣ ምናልባት ስለ ሁለት ዓመት ሌሊት፣ በፓውንድ ስለሚከፈል ገንዘብ ነው። ያን ያህል የሚያስከፍል ነገር በቆመበት አይመለስም። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስላት፤ ያው ጥያቄ የሚያስጨንቀው ሌላ ሰው ካለም ያንብበው።

እኔ የተማርኩት ኮሜርስ ነው፤ በ1935 ዓ.ም. ተከፍቶ ስንቱን የሂሳብ ሰው ያፈራው የሰንጋ ተራው ግቢ። ከዚያ ኦዲት ድርጅት ገባሁ። ሰኔ 30 በዝናብ መጋዘን ለመጋዘን እየዞርን ጆንያ ስንቆጥር፣ በጥቅምት ሪፖርት ለማድረስ ስናመሽ፣ ሦስት ዓመት አለፈ። ኤሲሲኤውን የጀመርኩት እዚያ እያለሁ ነው። ሙሉው 13 ፈተና ነው፤ በፊት በተማረው ትምህርት ምክንያት ከፊሉ የሚቀርለት ሰው አለ። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፤ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር። ማለፊያው 50 ነው። 50 ሲባል ቀላል ይመስላል፤ 48 እና 49 ያገኘ ሰው ግን የዚያን ቁጥር ክብደት ያውቀዋል። እኔ አንዱን ፈተና በ48 ወድቄ ደግሜዋለሁ።

ሦስት ፈተና ሲቀረኝ ወደ አንድ ባንክ ብድር መምሪያ ተዛወርኩ። የዛሬዋ ልጅ የምትጠይቀውን ያኔ እኔም ጠይቄያለሁ። አዲሱ አለቃዬ የመጀመሪያው ቀን ላይ «እዚህ ኦዲተር አንፈልግም፤ ብድር የሚገባው ሰው ነው የምንፈልገው» አሉኝ። በክፋት አልነበረም። እውነታቸውን ነበር። የባንኩን የደረጃ ዕድገት መስፈርት ሳየው ዲግሪ ነጥብ አለው፣ ማስተርስ ነጥብ አለው፣ የአገልግሎት ዘመን ነጥብ አለው። ለኤሲሲኤ የተተወ ቦታ አልነበረም። ስሙን የማያውቁትም ነበሩ። እንዲያውም አንዱ ባልደረባዬ የኮምፒዩተር ሶፍትዌር መስሎት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይታይ። የኤሲሲኤ ወረቀት ኦዲት ውስጥ ፈቃድ ነው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ማን ኦዲተር ሆኖ ይፈርም የሚለውን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሆነ። የተመሰከረለት ሂሳብ አዋቂ መሆን እዚያ መግቢያ በር ነው፤ ያለ እሱ ስምህን ከሪፖርቱ ግርጌ አታኖርም። ከኦዲት ውጭ ግን ማንም ሰው አምጣ አይልህም። ብድር ለመተንተን፣ የባንክ ግምጃ ቤት (የባንኩን ገንዘብና የውጭ ምንዛሪ የሚያስተዳድረውን ክፍል) ለመምራት፣ የድርጅት በጀት ለመሥራት፣ አክሲዮን ለመገመት ፈቃድ ሰጪ ወረቀት ኤሲሲኤ አይደለም። ስለዚህ ከኦዲት ስትወጣ ወረቀቱ ከፈቃድነት ወደ ችሎታነት ይወርዳል። ችሎታ ደግሞ ካልተሠራበት አይታይም።

ታዲያ ጠቀመኝ? ጠቅሞኛል። እንዴት እንደጠቀመኝ የገባኝ በአንድ ፋይል ነው።

አንድ የዱቄትና ብስኩት ፋብሪካ የሥራ ማስኬጃ ብድሩን በእጥፍ ሊያሳድግ አመለከተ። ፋይሉ የሚያምር ነበር። ሽያጩ በአንድ ዓመት 40 በመቶ አድጓል፣ የተጣራ ትርፉ 22 ሚሊዮን ብር ነው፣ መያዣው ሕንፃ ነው፣ የኦዲተሩ አስተያየት ንጹሕ ነው። ከእኔ በፊት ያዩት ሰዎች ሽያጩን፣ ትርፉንና የመያዣውን ግምት አይተው ወደ ኮሚቴ ሊያሳልፉት ነበር። በእኛ ቤት ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው የትርፍና ኪሳራውን ገጽ ነው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ መሐንዲሱ ግምት ይኬዳል። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ከኋላ ተሰክቶ ይቀራል።

እኔ ከኋላ ነው የጀመርኩት። ብልጥ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈተናው እንደዚያ አስለምዶኝ ነው። 22 ሚሊዮን ትርፍ፣ በእርጅና ቅናሽ ተይዞ በጥሬ ገንዘብ ያልወጣው 6 ሚሊዮን ሲመለስ 28። ተሰብሳቢ ሂሳቡ ከ31 ወደ 74 ሚሊዮን ወጥቷል፤ 43 ሚሊዮን ብር ገበያ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የዕቃ ክምችቱ ከ20 ወደ 38 አድጓል፤ 18 ሚሊዮን መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። ፋብሪካው ገና ያልከፈለው ተከፋይ ሂሳብ በ9 ሚሊዮን ጨምሯል። ደምረህ ስትቀንሰው ፋብሪካው ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ከሥራው የወጣው ጥሬ ገንዘብ 24 ሚሊዮን ጉድለት ነው። ትርፍ 22፣ ገንዘብ ጉድለት 24። ልዩነቱን የሞላው ማነው? እኛው ነን፤ የእኛው ኦቨርድራፍት፣ ከሂሳቡ በላይ እንዲያወጣ የፈቀድንለት ብድር።

ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ በፍጥነት የሚያድግ ድርጅት ገንዘብ ያጥረዋል። እዚህ ጋ የሚጠየቀው «ያ 74 ሚሊዮን ያለው ማን ዘንድ ነው?» ተብሎ ነው። በማስታወሻዎቹ መሐል፣ ማንም በማያነበው ገጽ፣ ከተዛማጅ ወገኖች ጋር የተደረገ ግብይት የሚል አንቀጽ ነበር። ከተሰብሳቢው 40 ሚሊዮኑ የባለቤቱ ወንድም ድርጅት ዕዳ ነው። ያ ድርጅት ዱቄቱን ሸጧል፤ ገንዘቡን ግን ሌላ ቦታ ሕንፃ እየሠራበት ነበር። ኦዲተሩ አልዋሸም፤ ጽፎታል። ያልተነበበ ነው እንጂ ያልተነገረ አልነበረም።

አልከለከልናቸውም። ብድሩን አነስ አድርገን፣ የወንድምየው ዕዳ በስድስት ወር እንዲከፈል ቅድመ ሁኔታ አስገብተን፣ ሽያጩ በእኛ ሂሳብ በኩል እንዲያልፍ አድርገን ሰጠን። ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል።

ያን ማታ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር ገባኝ፤ እስከ ዛሬ አልለወጥኩትም። ኦዲት ድርጅት ውስጥ ሳለሁ ያንኑ ገጽ ያዘጋጀሁት፣ ያረጋገጥኩት፣ ያስፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ግን ገጹ ተሳስቶ ቢሆን ወይም ማንም ባያነበው የእኔ ገንዘብ አይጠፋም ነበር። የሂሳብ ዕውቀት በጣም የሚያስፈልገው ቁጥሩን ከሚሠራው ይልቅ ቁጥሩን አምኖ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ከኦዲት ድርጅት ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ የጡረታ ፈንድ፣ ለጋሽ ድርጅት፣ ኢንቨስትመንት ኩባንያ። በጠረጴዛው በዚያኛው ወገን እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ያለው ሰው ዋጋው ከፍ ይላል።

ይህ የእኛ አገር ድክመት ብቻ እንዳይመስል አንድ የውጭ ታሪክ ልጨምር። ካሪሊየን የሚባል የእንግሊዝ የግንባታና አገልግሎት ኩባንያ ነበር። ሆስፒታል ይሠራ ነበር፣ የባቡር መስመር ሥራ ነበረው፣ የእስር ቤቶችና የትምህርት ቤቶች አገልግሎት ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ወደቀ። ሲወድቅ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ ነበረበት፤ በእጁ የነበረው ጥሬ ገንዘብ ግን 29 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ። ንጹሕ የኦዲት አስተያየት ያገኘ ድርጅት ነበር፤ ለባለአክሲዮኖችም ትርፍ ያከፋፍል ነበር። ነገር ግን ለአቅራቢዎቹ ባንክ ቀድሞ እየከፈለለት፣ ያንን ለባንክ ያለበትን ግዴታ እንደ ብድር ሳይሆን እንደ ሌላ ተከፋይ ሂሳብ ያስቀምጠው ነበር። ትርፉን ከገንዘብ ፍሰቱ ጎን ለጎን ያዩ ባለሀብቶች ከመውደቁ ቀደም ብለው በአክሲዮኑ መውረድ ላይ ገንዘባቸውን አውለዋል። የፈረመው ኦዲተር ያነበበውና እነሱ ያነበቡት አንድ ሰነድ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። እዚህ አገር የሂሳብ መግለጫ ሲቀርብልህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይሄ የትኛው ነው?» ብለህ ነው። ለግብር የተሠራ አለ፣ ለባንክ የተሠራ አለ። ይህን የማያውቅ የብድር ሠራተኛ የለም፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ለግብሩ ትርፉ ይጠባል፤ ለባንኩ ይሰፋል። ስለዚህ የሽያጩን ቁጥር ለገቢዎች ከቀረበው የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ጋር፣ ከዚያ በባንክ ሂሳቡ ካለፈው ገንዘብ ጋር፣ ከዚያ ከመብራት ቆጣሪው ጋር ታስተያያለህ። አዎ፣ መብራት። ምርቱ በእጥፍ ያደገ ፋብሪካ የመብራት ክፍያው በነበረበት ከቆየ አንድ ነገር አለ። ይህን አስተሳሰብ ያገኘሁት ኦዲት ውስጥ ነው፤ ማስረጃን ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ መፈለግ የዚያ ቤት ልማድ ነው። ያን ልማድ ይዞ ወደ ብድር የመጣ ሰው ሌላው በስምንት ወር የሚማረውን በስምንት ቀን ይጀምረዋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ 2010 መጣ። ባንኮች የ2010ን የሂሳብ ዓመት በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች (አይኤፍአርኤስ) መዝጋት ነበረባቸው። ብድር ባይመለስ ተብሎ የሚያዘው የብድር መጠባበቂያ አያያዝም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ተቀየረ። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ብድሩ ከተበላሸ በኋላ ቀን እየቆጠረ የሚይዝ ነው። አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው ደረጃ ግን ከእ.ኤ.አ. 2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ትምህርት ወስዶ፣ ገና ጤነኛ በሆነ ብድር ላይም ወደፊት ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ ዛሬ ያዝ ይላል። ብድሩን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ጤነኛው ላይ የመጪው 12 ወር ኪሳራ ይያዛል። አደጋው በጉልህ የጨመረ ከሆነ የብድሩ ሙሉ ዕድሜ ኪሳራ ይያዛል፤ ከ30 ቀን በላይ መዘግየት የዚህ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። 90 ቀን ካለፈ ደግሞ ተበዳሪው ግዴታውን እንዳልተወጣ ይቆጠራል፤ ሦስተኛው ደረጃ ይሆናል። ስሌቱን በቀላሉ ላሳይ። 10 ሚሊዮን ብር ያበደርከው ሰው በዓመት ውስጥ የመክሸፍ ዕድሉ 8 በመቶ ቢሆን፣ ቢከሽፍም መያዣው ተሸጦ 40 በመቶው የማይመለስ ቢሆን፣ ዛሬውኑ 320 ሺህ ብር መያዝ አለብህ። ሰውዬው ገና አንድ ቀን አልዘገየም።

ይህ ሲመጣ ሒሳብ መምሪያው ስለ ብድር አያውቅም፤ ብድር መምሪያው ስለ ደረጃዎቹ አያውቅም፤ ስጋት አስተዳደሩ ደግሞ የስታቲስቲክስ ሰው እንጂ ሁለቱንም አይደለም። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። ለወራት አስተርጓሚ ሆንኩ። «መያዣው አለ፣ ለምን መጠባበቂያ እንይዛለን?» ለሚለው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ መያዣው ለመሸጥ ሁለት ዓመት ሐራጅ እንደሚፈጅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኝ ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ያነሰ መሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ወረቀት የሰው ኃይል መምሪያው «ኮፒውን አምጣ» ያለኝ ያኔ ነው። አለቃዬም ያንኑ ሳምንት ቢሯቸው ጠርተው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ያልተለመደ ነገር ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «ጨርሺው» የሚል ይመስላል። ያልጠቀመኝን ሳልናገር ግን መልሴ ሙሉ አይሆንም።

መርካቶ የሚነግድ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። የቀረበው የሂሳብ መግለጫ ደካማ ነው፤ ካፒታሉ ትንሽ፣ ትርፉ ቀጭን፣ የእቃ ዝርዝሩ በእጅ የተጻፈ። እኔ የተማርኩትን ሠራሁ፤ ሬሾ አወጣሁ፣ ዕዳ የመሸከም አቅሙን ለካሁ፣ «አይመከርም» ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት ቅርንጫፍ ያስተዳደሩ አንድ ሽማግሌ ሥራ አስኪያጅ ደውለው «ልጄ፣ ይሄ ሰው የስንት ሰው እቁብ ዳኛ እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ገንዘብ ሲሰበስብና ሲያወጣ አንድ ሳምንት አላሳለፈም። ዕጣ ወጥቶለት የጠፋ ሰው ሲኖር ከኪሱ ሞልቶ ያውቃል።» እኔ ግን በሰነድ የሌለ ነገር ማስረጃ አይደለም ብዬ በአቋሜ ጸናሁ። ሌላ ባንክ አበደረው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሱቅ ጨመረ፤ ገንዘቡም ሁሉ በዚያ ባንክ በኩል ነው የሚያልፈው።

ያ ውሳኔ እስካሁን ይቆረቁረኛል። የሂሳብ ትምህርት የተመዘገበውን እንዳነብ አስተማረኝ። ያልተመዘገበውን የሚያነብ ሌላ ዓይን ነበር፤ ያ ዓይን የነበራቸውን ሰው አልሰማሁም። የሰለጠንኩበት ነገር በራሱ ወደ «አይሆንም» ያዘነብላል፤ ኦዲተር አይሆንም ብሎ ተሳስቶ አይከሰስም። ብድር ውስጥ ግን አላግባብ የተባለ «አይሆንም» ኪሳራ ነው፤ ምንም መዝገብ ላይ የማይታይ ኪሳራ። ከዚያ በኋላ ለማንኛውም የነጋዴ ፋይል የሰፈሩን ሰው፣ የትራንስፖርት ባለቤቱን፣ ዕቃ የሚሰጡትን ጅምላ ሻጮች ሳልጠይቅ አልጽፍም።

ሁለተኛው ገደብ ስለ ወደፊት ነው። የሂሳብ መግለጫ ያለፈን ይናገራል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 መጀመሪያ አክሲዮኑን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደወለልኝ። «አንተ የሂሳብ ሰው ነህ፤ እንግዛ?» ያለፈውን ዓመት ትርፍ ማንበብ እችላለሁ። ግን 300 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለው ከሂሳብ መዝገብ አይወጣም፤ የመጪ ዓመታትን ገንዘብ ገምቶ፣ የስጋቱን ዋጋ አስልቶ ወደ ዛሬ መመለስ ይጠይቃል። ኤሲሲኤ ይህንን በጥልቀት የሚያስተምረው በአንድ አማራጭ ፈተና ነው፤ አንድ ፈተና ደግሞ ብዙ አይደለም። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆን፣ ከእንግዲህ ይህ ጥያቄ በየቀኑ የሚጠየቅ እንደሆነ ተሰማኝ። በአክሲዮን ትንተናና በሀብት አስተዳደር ላይ ልቡ ያለ ሰው ሦስት ደረጃ ያለውን ሲኤፍኤ፣ የኢንቨስትመንት ተንታኞችን ማረጋገጫ፣ ቢያስብ ይሻለዋል። ሁለቱንም የሚያደርግ አለ፤ ሁለቱንም ልድረስ ብሎ ሁለቱንም ያጣም አውቃለሁ።

ግምጃ ቤትም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጭ አቅራቢ 400 ሺህ ዶላር ያለበት አስመጪ ዕዳው በ57 ሲሰላ 22.8 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ዶላሩ 114 ሲገባ 45.6 ሚሊዮን ሆነ። የሂሳብ ሰው ይህ ልዩነት በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ እንደሚያርፍ ወዲያው ያውቃል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ያን ዕዳ መቀነስ ነበረበት ወይ የሚለውን ግን የሂሳብ ሰው መሆን አይመልስልህም። መዝገቡ ጉዳቱን በትክክል ይጽፋል፤ መከላከል ሌላ ሙያ ነው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሲፒኤ፣ የአሜሪካው ፈቃድ ያለው ሂሳብ አዋቂ፣ ነው። እዚያ አራት ፈተና ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ ሦስቱ የግድ፣ አራተኛው በምርጫ፤ ማለፊያው 75። ኦዲት ሁለት ዓመት ሠርቶ ወጣ። ዛሬ የአንድ ኩባንያ የበጀትና ትንበያ ክፍል ውስጥ ነው። ማመልከቻውን ከክምሩ ውስጥ ያወጣለት ወረቀቱ እንደሆነ ይነግረኛል፤ ከገባ በኋላ ግን ስለ ሲፒኤ ማንም አንስቶ አያውቅም፤ የሚጠየቀው የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሽያጭ ስንት ይሆናል ተብሎ ነው። ዱባይና ዶሃ ያሉ ጓደኞቼም ከዚህ የራቀ ነገር አልነገሩኝም። በውጭ አገር ዲግሪህን ለማያውቅ ቀጣሪ የምታሳየው የጋራ መለኪያ ነው፤ ለእኛ ልጆች ይሄ ጥቅም ከእንግሊዙ ወይም ከአሜሪካኑ ልጅ ይልቅ ይበልጣል ብዬ አስባለሁ። የኛን ዩኒቨርሲቲ ስም የማያውቅ ሰው የፈተናውን ስም ያውቃል።

ዋጋውን ሳልደብቅ ልናገር። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ የምዝገባው፣ የየፈተናው፣ ካለፍክም በኋላ ዓመታዊው። ብሩ ሲወርድ የፈተናው ዋጋ እቤትህ ተቀምጦ ይጨምራል። ፓውንዱን ለመክፈል የባንክ ወረፋ የጠበቅንበት፣ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልልን የለመንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ ግን የከበደኝ ገንዘቡ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ልጄ ዳዴ ስትል እኔ ሌላ ክፍል ውስጥ በር ዘግቼ የኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ኩባንያዎችን ሂሳብ የማጣመር) ጥያቄ እሠራ ነበር። ባለቤቴ ጠርታኝ «አንድ ጊዜ ውጣ» ስትለኝ «ይቺን ልጨርስ» ያልኩት ትዝ ይለኛል። ስወጣ ልጅቷ ተኝታ ነበር።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ የምላት ይኸው። ገና ልትጀምሪ ብትሆኚና ልብሽ አክሲዮን ትንተና ላይ ቢሆን፣ በዚህ በኩል አትዙሪ እልሽ ነበር። አንቺ ግን ዘጠኙን ወጥተሽዋል። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን አትጣዪ። አባል ለመሆን የሚጠየቀው የ36 ወር የሥራ ልምድም ኦዲት ውስጥ ብቻ መሆን የለበትም፤ ባንክ ገብተሽ የምትሠሪው የፋይናንስ ሥራ ይቆጠራል። ይህን ብዙ ልጆች ስለማያውቁ የማይወዱት ቦታ ላይ ሲቀመጡ አያለሁ። ኦዲቱን ግን ነገውኑ አትልቀቂ። ቢያንስ አንድ ሰኔ ጨምሪ፤ መጋዘን ቁጠሪ፤ አንድ ባለፋብሪካ ለምን ቁጥሩን እንዲህ እንዳደረገው ፊቱን እያየሽ ጠይቂው። ያን ባንክ ውስጥ አታገኚውም፤ ባንክ ሰውየው ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣልሽ። ስትሄጂም የምትገቢበትን ቤት ምረጪ። የትንታኔሽን ገጽ አንብቦ ውሳኔውን የሚቀይር አለቃ ያለበት ቤት ከሆነ ደመወዙ ትንሽ ቢያንስ ግቢ። አስተያየትሽ የፋይል ማሟያ የሚሆንበት ቤት ከሆነ ግን 13ቱንም ፈተና ጨርሰሽ ብትገቢ ዕውቀትሽ ዝጎ ይቀራል፤ ያየሁት ነገር ነው፤ ከእኔ የተሻሉ ሁለት ጓደኞቼ እንደዚያ ሆነው ቀርተዋል።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ እቤት ቡና ጠርተናት ነግሬያታለሁ፤ እዚህ የጻፍኩት ከዚያ የቀረ ካለ እንዲሞላ ነው። ሰምታ ሰምታ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች ዝርዝር ከስልኳ አወጣችልኝ። ሁለቱ ግዴታ ናቸው። ሁለቱን ከአራት አማራጭ ትመርጣለች። የከፍተኛ ኦዲቱን መተዋ አይቀርም ብዬ ስጠብቅ፣ አንዱን እሱን፣ ሌላውን የከፍተኛ ፋይናንስ አስተዳደሩን ይዛለች።

«ኦዲቱን ለምን?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አንተ የነገርከኝ ማስታወሻ ላይ የተጻፈውን ሰው አላነበበውም ነው ያልከኝ። እኔ ደግሞ የሚጽፈው ሰው ምን አስቦ እዚያ እንደሚያስቀምጠው እስከ መጨረሻው ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ለማርቹ ፈተና ተመዝግባለች።